እምቧይ በአዲስ አበባ ዙሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ አቃቂ። ከአዲስ አበባ በየትኛውም በር ብትወጡ እምቧይ መንገድ ዳር ቆሞ ታገኙታላችሁ። ዳር ላይ አዲስ ቤት የሠሩ ሰዎች፣ ጥቂት ላሞች የሚያረቡ ቤተሰቦችና ጓሯቸውን የሚያለሙ ወዳጆች ስለዚህ ቁጥቋጦ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፤ ነገሩ ረጅም ስለሆነ ነው።

እምቧይ የድንችና የቲማቲም ዘመድ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በርበሬ፣ ደበርጃን፣ ትምባሆ፣ ግዛዋ፣ አጤ ፋሪስ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ማየት የሚፈልግ ሰው ያበበ የድንች ማሳ አጠገብ ይቁም። ከዚያ አጥር ሥር ያለውን የእምቧይ አበባ ይመልከት። ያው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ነው፤ መሃሉ ላይም ያው ቢጫ ነገር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ደበርጃን ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ነው። ተመራማሪዎች ደበርጃን ድርቅ እንዲችል ለማድረግ ከዱር እምቧይ ጋር እስከ ማዳቀል ደርሰዋል።

ይህ ቤተሰብ መራራ መርዝ በማዘጋጀትም ይታወቃል። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነ ድንች አትብሉ የሚባለው ለዚህ ነው። እምቧይ የዚያን ዓይነት መርዝ ፍሬው ውስጥ በብዛት ያከማቻል። እሾሁን ስትጨምሩበት ላምና በግ ለምን ዞር ብለው እንደሚያልፉት ይገባችኋል።

በእኛ አካባቢ ያለው የትኛው ነው? ሁሉም አንድ ይመስለኛል።

አንድ አይደለም። ደጋው ላይ፣ ከእንጦጦ እስከ ሱሉልታ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ የሚበዛው ሳይንሱ ሶላነም ማርጂናተም የሚለው ነው። ሲያድግ የሰው ቁመት ሊደርስ ይችላል። ቅጠሉ ሰፊ ነው። ከላይ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩን ነጭ፣ ከሥር ደግሞ ጥጥ የተቀባ ይመስል ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። እሾሁ ግንዱ ላይም አለ፣ ቅጠሉ መሃል ላይም በሁለቱም ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፍሬው ትልቅ ነው። ጥሬ እያለ አረንጓዴና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ሲበስል ቢጫ ይሆናል።

ወደ ሞቃቱ አገር ስትወርዱ ሶላነም ኢንካነም የሚባለው ይበዛል። ቅጠሉ ግራጫ፣ አበባው ወይን ጠጅ፣ ፍሬው አነስ ያለ ነው። በአማርኛ ሁለቱም እምቧይ ናቸው። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ሂዲ ይሉታል። አያያዛቸው ስለሚመሳሰል ከዚህ በታች እምቧይ ስል ሁለቱንም ማለቴ ነው።

ታዲያ እንደ ፕሮሶፒስ መጤ ወራሪ ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአፋር የተስፋፋው ፕሮሶፒስ፣ በየማሳው የምናየው ፓርቲኒየምና የወፍ ቆሎ ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው። እምቧይ ግን የራሳችን ነው። ማርጂናተም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ተወላጅ ነው። አያቶቻችን ቆዳ ሲያለፉ ፍሬውን ይጠቀሙበት ነበር።

አገር በቀል ነው ማለት ግን መሬት አይሞላም ማለት አይደለም። ቦታው ሲመቸው ይሞላል። ልዩነቱ መፍትሔው ላይ ነው። መጤውን ተክል ጠላቶቹን ጥሎ ስለመጣ ነው የማንችለው። የእምቧይ ጠላቶች ግን እዚሁ አሉ፣ ወይም ነበሩ። እዚህ መስፋፋት ከጀመረ መሬቱ ላይ የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ሰው ዶማ ከማንሳቱ በፊት ያንን ለውጥ ቢፈልግ ደስ ይለኛል።

እሺ፣ ምን ተለወጠ? በልጅነቴ እንዲህ አልነበረም።

ዋናው ግጦሽ ነው። ከተማዋ እየሰፋች ስትመጣ ሜዳው ለቤት፣ ለመጋዘን፣ ለፋብሪካና ለመንገድ ተሸነሸነ። ከብቱ ግን ወዲያው አልቀነሰም። በቀረችው ቁራጭ መሬት ላይ ተጨናንቆ ይውላል። ላምና በግ ሣሩን እስከ ሥሩ ይግጣሉ፣ እምቧዩን ይተዉታል። ሣር ሲሳሳ አፈሩ ፀሐይ ያገኛል፤ የእምቧይ ዘር የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። በዓመቱ ቁጥቋጦው ይጨምራል፣ የሚጋጠው ሣር ይቀንሳል፣ የቀረው ሣር ደግሞ ይበልጥ ይጋጣል። በዚህ ዓይነት ሜዳው እጅ ይሰጣል።

ሁለተኛው የተቆፈረ መሬት ነው። ለመሠረት ተቆፍሮ የወጣ አፈር፣ የመንገድ ዳር ሙሊት፣ ድንጋይ የወጣበት ቦታ፣ ቆሻሻ የተደፋበት ጥግ። በተለይ በቆርቆሮ ታጥሮ ለዓመታት ሳይሠራበት የሚቀመጥ መሬት አለ። ያ ቦታ አይታረስም፣ አይታጨድም፣ ሰው አይገባበትም። እምቧይ ያለ ምንም ከልካይ አፍርቶ ለሰፈሩ ሁሉ ዘር ያከፋፍላል።

ሦስተኛው ብዙ የማይነገርለት ነው። ኬንያ ውስጥ፣ ላይኪፒያ ባለው የምፓላ ምርምር ማዕከል አካባቢ፣ የእኛው እምቧይ የቅርብ ዘመድ በሆነ ቁጥቋጦ ላይ የተሠራ ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ተመራማሪዎቹ መሬት በሽቦ አጥረው የዱር እንስሳትን በየዓይነታቸው ከለከሉ። ዝሆንና ኢምፓላ የሚባለው አጋዘን የማይገቡበት ቦታ ላይ ቁጥቋጦው በዛ። እነሱ ይበሉታል፣ ይሰባብሩታል፤ የቤት ከብት ግን አይነካውም። አዲስ አበባ ዙሪያ ዝሆን ይምጣ አልልም። ነገር ግን የዱር እንስሳው ሁሉ ጠፍቶ ላምና በግ ብቻ የቀሩበት መሬት ላይ እሾሃማው ተክል ለምን እንደሚበረታ ጥናቱ ያሳያል።

እምቧይና እምቦጭ አንድ ናቸው?

በፍጹም። እምቦጭ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ ጣናን ያስጨነቀው እሱ ነው። እኛም ጋ አባ ሳሙኤል ላይ አለ። እምቧይ ደረቅ መሬት ላይ የሚበቅል የአገር ቁጥቋጦ ነው። ዝምድና የላቸውም።

ውጭ አገር ችግር ሆኗል ሲባል ሰምቻለሁ። የእኛ ተክል እዚያ ምን ይሠራል?

ሰው ነው የወሰደው፤ የሄደውም የደጋው ማርጂናተም ነው። ነጭ ቅጠሉ አምሮባቸው ለአትክልት ቦታ ማስዋቢያ የተከሉት ነበሩ። ኢኳዶር ውስጥ ደግሞ ለመድኃኒት ፋብሪካ ተብሎ ተመርቷል። ፍሬው ውስጥ ሶላሶዲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ከእሱ የሆርሞን መድኃኒቶች መሥራት ይቻላል። በየሄደበት ግን ከአጥር ወጣ። ዛሬ ካሊፎርኒያ ውስጥ በይፋ ጎጂ ተብለው ከተመዘገቡት አረሞች አንዱ ነው። አውስትራሊያና ኒው ዚላንድም ገብቷል። እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጣልን፤ ከእኛ ደጋ ደግሞ እምቧይ ወደዚያ ሄደ።

ከቤተሰቡ ውስጥ በዓለም ላይ እጅግ ከከፉት አንዱን ልንገራችሁ። ሶላነም ቪያረም ይባላል፤ ከብራዚልና ከአርጀንቲና አካባቢ የመጣ ነው። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ በ1988 እ.ኤ.አ. ተገኘ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰፊ የግጦሽ መሬት ሸፈነ። አንድ ተክል በዓመት ከ40 ሺህ በላይ ዘር ያፈራል። ቅጠሉን ከብት አይበላውም፤ ፍሬውን ግን ይወደዋል። ከብቱ በመኪና ተጭኖ ሲሸጥ ዘሩ ሆዱ ውስጥ አብሮ ሄደ። በእበት በኩል ደግሞ ማዳበሪያውን ይዞ መሬት ላይ አረፈ። በ2003 እ.ኤ.አ. ቅጠሉን ብቻ የምትበላ ትንሽ ጥንዚዛ ከትውልድ አገሩ አምጥተው ለቀቁበት፤ ብዙ ረድታለች።

ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ከብትና መኪና ዘር እንደሚያጓጉዙ ለማሳየት ነው። ለእኛ ሰፈር ደግሞ ይህ ወደ ድርቆሽ ጉዳይ ይወስደናል።

ድርቆሽ ውስጥ ይመጣል?

ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ወተት የሚያመርት ሰው ብዙ ጊዜ ድርቆሹን ከሱሉልታና ከአካባቢው ያስመጣል። ሜዳው እምቧይ ካለበት አብሮ ይታጨዳል። የደረቀ ቅጠልና ፍሬ ከሣሩ ጋር ይታሰራል። ላሟ ትኩሱን እምቧይ ለይታ ትተዋለች፤ ደርቆ ከሣር ጋር ሲደባለቅ ግን መለየት ይከብዳታል። ስለዚህ ስትገዙ እስሩን ፈታ አድርጋችሁ እዩ። ቢጫ ወይም ቡናማ የደረቀ ፍሬ ካያችሁ አውጡት። መሬት ላይ አትጣሉት።

ከብት ቢበላው ምን ይሆናል?

ጤነኛ ግጦሽ ያለው ከብት አይበላውም። አደጋው በጋው ሲረዝምና መሬቱ ባዶ ሲሆን ነው። የተራበ በግ ወይም ፍየል ሊቀምሰው ይችላል። የሆድ መታመም፣ ተቅማጥ፣ መደንዘዝ ካያችሁ ከቦታው አርቁትና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ልጄ በፍሬው ይጫወታል። ልስጋ?

በጨዋታው አይደለም። እኛም ተወራውረንበታል። ክቡ ፍሬ እየተንከባለለ አልከመርም ሲል ነው አባቶቻችን «የእምቧይ ካብ» ያሉት። ስጋቱ ትንሽ ልጅ ቢጫውን ፍሬ ቲማቲም መስሎት ሲቀምስ ነው። መራራ ስለሆነ አብዛኛው ልጅ ይተፋዋል። ከዋጠ ግን የሆድ ቁርጠት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ ሊመጣ ይችላል። አፉን በውሃ አጥቡት። እንዲያስመልስ ብላችሁ ጣት አታስገቡ፣ የቤት መድኃኒትም አትስጡ። ከፍሬው አንዱን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምን እንደበላ ለሐኪሙ ማሳየት ይጠቅማል።

ከትልልቅ ሰዎችም «ሥሩ ለሆድ ቁርጠት ያድናል» የሚሉ አሉ። መድኃኒትነቱን የሚያውቁ አዋቂዎች ነበሩ፣ አሁንም አሉ። መጠኑን የማያውቅ ሰው ግን ራሱ ቀቅሎ እንዳይጠጣ። መርዙ የሚገኘው መድኃኒት ከተባለው ከዚያው ተክል ውስጥ ነው።

እሾሁ ከወጋችሁ በሳሙናና በውሃ ማጠብ ይበቃል። ጫፉ ውስጥ ከቀረ አውጡት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ካልወሰዳችሁ ደግሞ ይህ ጥሩ ምክንያት ነው።

አጤ ፋሪስም እሾህ አለው። እሱስ?

እሾሁ ያለው ፍሬው ላይ ነው። ቁጥቋጦም አይደለም፤ በየክረምቱ ከዘር የሚበቅል አረም ነው። ቤተሰቡ አንድ ነው፣ መርዙ ግን ሌላና እጅግ የከፋ ነው። ጥቂት ዘር እንኳ ሰውን ያሳብዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ጓሯችሁ ውስጥ ካለ ሳያብብ ንቀሉት። በእምቧይ ላይ ያለኝ ትዕግሥት በአጤ ፋሪስ ላይ የለኝም።

ግቢዬን እንዴት ላጽዳ? በየዓመቱ እቆርጠዋለሁ፣ በየዓመቱ ይመለሳል።

በገጀራ ስለምትቆርጡት ነው የሚመለሰው። ግንዱ ቢወርድ ሥሩ ያቆጠቁጣል። ብዙ ጊዜ አንድ ግንድ የነበረው ሦስት አራት ሆኖ ይመጣል።

ጊዜው ክረምት ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም አፈሩ ለስላሳ ነው። በተለይ አቃቂና ቃሊቲ አካባቢ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በጋ ላይ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ሥር አይለቅም። ትንንሹን ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጋችሁ በእጅ ንቀሉ። ትልቁን በዶማ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ዋናውን ሥር ይዛችሁ አውጡት። በልስልስ ጫማ አትግቡ፤ እሾሁ ይበሳዋል።

ከመንቀል በፊት ግን ፍሬውን ልቀሙ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፍሬ ያለውን ተክል ጎትቶ ግቢ ውስጥ ማዞር ዘር መዝራት ነው። የለቀማችሁትን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። ከዚያ ደርቆ ይቃጠል፣ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበር። ወንዝ ዳርና ቦይ ውስጥ አትጣሉት፤ ጎርፍ ወደ ታች ሰፈር ይወስደዋል።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። የነቀላችሁበት ቦታ ባዶ ከቀረ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። አፈሩ ውስጥ የተኛ ዘር አለ፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይነሳል። በዚያው ሳምንት መሬቱን አልብሱት። ሰርዶ በቀላሉ ይይዛል። ተዳፋት ላይ ደሾ ሣር ጥሩ ነው፤ አፈር ይይዛል፣ ለከብትም ይሆናል። ቦታ ካላችሁ ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የከብት መኖ ዛፍ ትከሉ፤ ደጋውን ይወዳል፣ ላሞችም ይወዱታል። ሣሩ እስኪይዝ ድረስ ከብት አታስገቡ። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሌላ መሬት የሌለው ቤተሰብ ከብቱን የት ያውለው? ከተቻለ ግማሹን አጥራችሁ በግማሹ ላይ አሰማሩ፣ በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ቀይሩ። ሣር እያጨዱ ማብላትም ይረዳል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ክረምት ትንንሽ ችግኞች ብቅ ይላሉ። እነሱ በሁለት ጣት ይነቀላሉ። አንድ ክረምት ከዘለላችሁ እንደገና ዶማ ያስፈልጋችኋል።

መርዝ ብረጭበትስ? ወይም ባቃጥለው?

ሁለቱንም አልመክርም። ጤፍ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የሚባል የአረም መድኃኒት ቅጠሉን ያጠወልጋል፣ ሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ነፋስ ከወሰደው ደግሞ የጎረቤታችሁን ቲማቲም ይገድላል፤ ቲማቲም ለዚህ መድኃኒት በጣም ስስ ነው። ግላይፎሴት የሚባለው ሌላው የአረም መድኃኒት ደግሞ ሣሩንም አብሮ ያጠፋል። ሣር የሌለበት መሬት ማን እንደሚወርሰው ከላይ ተነጋግረናል። አቃቂ ወንዝ ዳር በዚያው ውሃ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች መኖራቸውንም አስቡ።

እሳትም እንዲሁ ነው። ላዩ ይቃጠላል፣ ሥሩ ያቆጠቁጣል። በጋ ላይ ባሕር ዛፍ አጠገብ እሳት መለኮስ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ።

ድንችና ቲማቲም እተክላለሁ። አጥሬ ላይ ያለው እምቧይ ይጎዳብኛል?

ሊጎዳ ይችላል። ዘመድ ስለሆኑ ተባይና በሽታ ይጋራሉ። ቲማቲም ቅጠል ውስጥ ገብታ የምትቦረቡረው ቱታ አብሶሉታ ከደቡብ አሜሪካ የመጣች ተባይ ናት፤ አገራችን ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. ታየች። ቲማቲም በሌለበት ወቅት በዱር ዘመዶቹ ላይ መቆየት ትችላለች። ስለዚህ ለማሳችሁ ቅርብ የሆነውን እምቧይ አንሱ። ሆለታ አካባቢ ድንች ለምታመርቱ ሰዎችም ምክሩ ያው ነው።

አጥር ላድርገው ብዬ ነበር። ሌባ አያስገባም።

እውነት ነው፣ አያስገባም። ገጠር ውስጥም የደረቀው እምቧይ አጥር ላይ ሲደረብ አይተናል። ግን ተክላችሁ እንዳታሳድጉት። አውስትራሊያውያን የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነ የደቡብ አፍሪካ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ ላይሲየም የሚባለውን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአጥር ተከሉ። ወፎች ቀዩን ፍሬ በልተው በየእርሻው ዘሩት። ዛሬ በአገር ደረጃ ከሚታገሏቸው ዋና ዋና አረሞች አንዱ ሆኗል። ለእሾህ አጥር ከፈለጋችሁ ቀጋ አለላችሁ።

ከሰፈራችን ሁሉ ነቅለን ብንጨርሰውስ?

እኔ አልፈልግም። የራሳችን ተክል ነው። የደበርጃን አዳቃዮች ነገ የሚፈልጉት ዘር እዚህ ነው ያለው። አበባውም የራሱ ሥርዓት አለው። የአበባ ዱቄቱ የሚወጣው መሃሉ ላይ በቆመው ቢጫ ነገር ጫፍ ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ትልልቅ የዱር ንቦች አበባውን ጨብጠው ሰውነታቸውን ያንቀጠቅጣሉ፣ ዱቄቱ ያኔ ይረጫል። የማር ንብ ይህን አትችልም። ጠዋት ላይ ቆም ብላችሁ ብታዳምጡ ጩኸቱ ይሰማል። ገደል አፋፍና ድንጋያማ ጥግ ላይ ያለውን ተዉት። ከግጦሽ፣ ከማሳ፣ ከልጆች መጫወቻና ከመንገድ ዳር ያለውን አንሱ።

ጎረቤቴ ያለው መሬት ታጥሮ የተተወ ነው፤ ሙሉውን እምቧይ ወርሶታል። ምን ላድርግ?

ባለቤቱ ከታወቀ አነጋግሩት። ብዙ ባለቤት ርቆ ስለሚኖር መሬቱ ምን እንደመሰለ አያውቅም፤ ፎቶ ላኩለት። ካልታወቀ ሰፈራችሁን ይዛችሁ ወደ ቀበሌው ወይም ወረዳው ሂዱ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ነገ ና ይባላል። እስከዚያው በአጥሩ በእናንተ በኩል አንድ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ጥቅጥቅ ያለ ሣር አሳድጉ፤ የሚንከባለለው ፍሬ እዚያ ላይ ይቀራል፣ ቢበቅልም ሳትቸገሩ ታዩታላችሁ። ፍሬው ሳይበስል፣ ገና ዝንጉርጉር እያለ፣ በአጥሩ በኩል እጃችሁ የደረሰበትን ልቀሙ።